በጨው ውሃ ያደረ እብጠት

የመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት የሚከፈተው ወደ ውጭ ሳይሆን ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ወደሚያቋርጠው የአየር መተላለፊያ ነው። በዚያ በኩል የየፎቁ ወጥ ቤት ድምፅ ይመጣል፤ ማን ሽንኩርት እንዳሳረረች፣ ማን ከባሏ ጋር እንደተኳረፈች፣ የማን ልጅ ክፍል እንደደገመ ሰው ጥርሱን እየቦረሸ ይሰማል። በዚያ ጠዋት ዶክተሯ አፏ አረፋ እንደሞላ፣ የወንድሟ ሚስት በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ጋር ስታወራ ሰማች። «ትናንት አወጡልኝ» ትላለች። «እዚህ ብብቴ ሥር፣ ጡቴ ጠርዝ ላይ የነበረችውን። እኔ ኦቾሎኒ ታክላለች ስል ሎሚ አክላ ቆየችኝ። ለምርመራ ይላክ ወይ አሉኝ፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ ተዉት፣ ጣሉት አልኳቸው።» ጎረቤትየዋ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ለሷማ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ሥራ ያጣች ሐኪም ቤቴ ቁጭ ብላ። ትንፍሽ ካልኩ እኔኑ ሥራ ታደርገኛለች።» ሁለቱም ሳቁ፤ የጎረቤትየዋ ሳቅ ቀድሞ አለቀ።

ዶክተሯ አረፋውን ተፋች፤ ውሃውን ግን አልከፈተችም። ቀድሞ የወጋት ቀልዱ ነበር። እብጠቱ የገባት ከቀልዱ በኋላ ነው፤ በዚህም ራሷን ታዘበች። ዶክተር ብትባልም በሽተኛ አልጋ አጠገብ የምትቆም ሐኪም አይደለችም። ፓቶሎጂስት ናት፤ ከሰው ገላ የተቆረጠውን በማይክሮስኮፕ አይታ ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ብላ የምትጽፍ፣ ታካሚው መልኳን የማያውቃት ሐኪም። ትምህርቱን ከጨረሰች ስምንት ወር ሆኗታል፤ በእነዚህ ወራት የማይክሮስኮፕ መብራት ፊቷ ላይ በርቶ አያውቅም።

የምትተኛው ሳሎኑ ውስጥ፣ በቁም ሣጥኑና በስፌት መኪናው መካከል በምትዘረጋው ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። የወንድሟ ሚስት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ዶክተሯ ጠዋት ስትነሳ ብርድ ልብሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ታገኛለች። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ገና ሳይነጋ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይገባል፤ ሲገባም «እህ ሚጣ፣ ዛሬስ?» ይላታል። ሠላሳን አልፋም ለሱ ሚጣ ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ ትመልስለት ነበር። የመንግሥት ሆስፒታሎች ቅጥር ቆሟል አሏት። የግሎቹ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው የምንፈልገው አሏት፤ ሁለቱን ዓመት የት እንደምትሠራው የሚነግራት ግን አልተገኘም። በጠቅላላ ሐኪምነት ልሥራ ስትል ደግሞ፣ አንቺማ ስፔሻሊስት ነሽ፣ ነገ ጥለሽን ትሄጃለሽ ይሏታል። አብረዋት ከጨረሱት አንዱ የሕክምና ዕቃ እያዞረ ይሸጣል። አንዷ የአባቷን የቀለም ሱቅ ትጠብቃለች፤ ሴል የሚነከርበትን ቀለም መለየትማ ተምራበታለች እየተባለ ይቀለድባታል። ቆይቶ ዶክተሯ ለወንድሟ ጥያቄ «ምንም» ብቻ ማለት ጀመረች። እሱም መጠየቁን ቀነሰ፤ ያ ደግሞ ከጥያቄው የባሰ ሆነ።

ለዛሬ ግን ቀጠሮ አላት። አንድ የግል ላቦራቶሪ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ ደውለው ረፋዱ ላይ ነይ ብለዋታል። ትናንት ማታ የወንድሟ ሚስት ሳትጠየቅ ጃኬቷን ተኩሳ ሰቀለችላት። በግራ እጇ ነበር የተኮሰችው። ዶክተሯ ይህን አይታለች፤ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ወጥ ቤት ስትገባ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሻይዋ ተቀድቶ ዳቦ ተቆርጦላታል። «እትዬ፣ የትኛው ክሊኒክ ነው?» አለቻት። የወንድሟ ሚስት እጅ ዳቦ መቁረጫው ላይ እንዳለ ቆመ። ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየት አድርጋ ፍርፋሪውን በመዳፏ መሰብሰብ ጀመረች። «ሻይሽ ይቀዘቅዛል» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የነበረው?» «ቆይቷል።» «ጋሼ ያውቃል?» «እሱ አውቆ ምን ሊያደርግልኝ? መሪ ይዞ ሲያስብ እንዲውል?» ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሳሙና እየታጠቡ፣ በአንድ መብራት እያመሹ፣ ስንት ወር ሙሉ የተለዋወጡት «ደህና አደርሽ»ና «በሩን ዘግተሻል ወይ» ብቻ ነበር፤ አሁን በአንድ ጠዋት ከዚያ በላይ ማውራት አቃታቸው። «ሂጂ በቃ» አለች የወንድሟ ሚስት ፊቷን ሳታዞር። «ቀጠሮሽ እንዳያልፍብሽ።» ዶክተሯ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ማቀዝቀዣው አናት ላይ የሕመም ማስታገሻ ክኒን የያዘ የወረቀት ከረጢት ተቀምጧል፤ የክሊኒኩ ስምና አድራሻ ታትሞበታል።

ክሊኒኩና ላቦራቶሪው የከተማው ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው። ፌርማታው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የመጣው ወደ ላቦራቶሪው የሚሄደው አውቶቡስ ነበር። በሩ ተከፈተ፣ ከኋላዋ የቆመ ሰው ገፋት፤ እሷ ግን ወደ ጎን ሸሸት ብላ አሳለፈችው። የክሊኒክ ቆሻሻ አንዴ ከተወሰደ እንደማይመለስ ታውቃለች። ሥራ ፈላጊ ማርፈድ እንደሌለበትም ታውቃለች። መንገዱን ተሻግራ በተቃራኒው የሚሄደውን ያዘች፤ ሲነሳም ልቧ ወደ ኋላ ይጎትታት ነበር። የተተኮሰው ጃኬት እንዳይጨማደድ ብላ መንገዱን ሁሉ ሳትደገፍ ተቀምጣ ሄደች።

ክሊኒኩ ከሴራሚክ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ፎቅ ነው። ቀዶ ሐኪሙ አልገቡም፤ ከሰዓት ነው የሚመጡት። ነርሷ ነገሩን ስትሰማ ግራ ተጋባች። «ታካሚዋ ራሷ ናት እኮ ጣሉት ያለችው።» «ተጥሏል?» «ቆሻሻ የሚወስዱት ዛሬ ከሰዓት ነው። ፍሪጅ ውስጥ አለ። ግን ላንቺ እንዴት አድርጌ እሰጥሻለሁ?» «ፓቶሎጂስት ነኝ።» «የት ነው የምትሠሪው?» ነርሷ የጠየቀችው በክፋት አልነበረም፤ ማንም የሚጠይቀውን ነው የጠየቀችው። ዶክተሯ ከቦርሳዋ የዲግሪዋን ኮፒ አወጣች።

በመጨረሻ ለታካሚዋ ይደወልላት ተባለ። ነርሷ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መጀመሪያ የተሰማው የስፌት መኪናው ነው፤ ከዚያ መኪናው ቆመ። ነርሷ የሆነውን አስረዳች። ነርሷ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አነሳ አድርጋ አየችው። «ምን ልታደርጊው ነው?» አለች የወንድሟ ሚስት፣ ለነርሷ ሳይሆን ለሷ። «ላየው ነው፣ እትዬ።» «ቀጠሮሽስ?» «እሄዳለሁ።» መኪናው ጠቅ ጠቅ አለ፤ ሰው ሳያስበው እግሩን ሲያሳርፍበት እንደዚያ ይላል። «ስጪያት» አለች፤ ስልኩ ተዘጋ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ክትባት፣ የአንዲት ሠራተኛ ምሳና ክዳኑ በፕላስተር የተጠቀለለ የላስቲክ ዕቃ ነበር። እብጠቱ በጨው ውሃ ውስጥ ነው ያደረው። ዶክተሯ ፎርማሊን ጠየቀች፤ የተቆረጠ ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ። ነርሷ ከጠረጴዛው ሥር ጀሪካን አንስታ ነቀነቀችው፤ ውስጡ የሚንቦጫረቅ ነገር የለም። «ካለቀ ቆየ። የሚያስመረምር ሰው የለም እኮ። በወር አንድ ሰው ቢልክ ነው፤ ለአንድ ሰው ተብሎ ደግሞ አይገዛም» አለቻት። ባንኳኳችው በር ሁሉ ሥራ ያጣችበትን ምክንያት እንዲህ አሳጥሮ ያስረዳት አልነበረም። ዕቃውን በሻርፗ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከዲግሪዋ ኮፒ ጎን አቆመችው።

ላቦራቶሪው ስትደርስ በጣም ረፍዶ ነበር። በሩ መስታወት ነው፣ መግቢያው ላይ የላስቲክ አበቦች አሉ፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ሥር ሰዎች ቁጥር ይዘው ይጠብቃሉ። ጸሐፊዋ ሥራ አስኪያጁ ጠብቀውሽ ወጡ፣ ከምሳ በኋላ ይመለሳሉ አለቻት። ዶክተሯ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ይሞቅብኝ ይሆን ብላ ወለሉ ላይ አኖረችው፤ ከዚያ ሰው ይረግጠው ይሆን ብላ መልሳ አነሳችው። በመጨረሻ ወደ ጸሐፊዋ ሄዳ፣ የምሠራበትን ክፍል እስኪመጡ ልየው አለቻት። ጸሐፊዋ በእጇ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አመለከተቻት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል፤ በሰም ውስጥ የተቀበሩ ትናንሽ የሥጋ ቁራጮች በትሪ በትሪ ተደርድረዋል። ፀጉሩ የሸበተ፣ ከጋውኑ ሥር ሹራብ የደረበ ቴክኒሻን ከወንበሩ ብድግ ብሎ «አዲሷ ፈራሚ ነዎት?» አላት። «ፓቶሎጂስት ነኝ» አለችው። «እሱማ» አለና መልሶ ተቀመጠ። ዶክተሯ ያመጣችውን አሳይታ ጓንት፣ ቢላና ስላይድ ለመነችው። ምንም ሳይጠይቅ አወጣላት፤ ለመቁረጫ ሰሌዳው አዲስ ወረቀት አነጠፈላት።

ቢላ ከያዘች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ እጇ ግን አልረሳም። ገና መሃሉን ስትሰነጥቀው ቢላው አሸዋ እንደነካ ኮርከር አለባት። በጆሮ የሚሰማ ነገር አይደለም፤ በጣት ነው። ውስጡ ግራጫ መሳይ ነጭ ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ወደ ስቡ ቀጫጭን እግር አብቅሏል። ሁለቱም ደግ ምልክት አይደሉም። የተቆረጠውን ፊት ስላይዱ ላይ ቀስ ብላ ነካ አድርጋ አነሳችው፤ ሴሎቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ቀሩ። ቴክኒሻኑ በቀለም ነከረላት፣ አጠበላት፣ አደረቀላት። ማይክሮስኮፑ አሮጌ ነው፣ አንደኛው ዓይኑ ጭረት አለበት። ጤነኛ ሴሎች መጠናቸው ይቀራረባል፣ ተጠጋግተው ይቆማሉ። እነዚህ ግን እርስ በርሳቸው ተላቀው ተበትነዋል፤ አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ጠማማ፣ መሃላቸው ጠቁሮ ያበጠ። የጨው ውሃው ይሆናል ያሳበጣቸው ብላ ለራሷ ነገረች። ወደ መሃል ሄደች፣ ወደ ጠርዝ ሄደች፣ ሁለተኛውን ስላይድ አስገባች፣ ሦስተኛ አሠርታ እሱንም አየችው። የጨው ውሃ እንዲህ አያደርግም። ሰው የራሱን ሰው ፊት በሕዝብ መሃል እንደሚለይ፣ የማትፈልገውን ነገር ለይታ አወቀችው። ዓይኗን ከመነጽሩ ስታነሳ የዳቦው ፍርፋሪ፣ የተተኮሰው ጃኬትና የግራ እጇ ነገር አንድ ላይ መጡባት።

«ዘመድ ነው?» አላት ቴክኒሻኑ። «የወንድሜ ሚስት።» አንገቱን ደፋ። ከእብጠቱ የቀረውን ሳታዘው ወስዶ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ፎርማሊን ሞላበት። ዶክተሯ ወደ ትሪዎቹ እያየች «እዚህ ማን ነው የሚያነበው?» ብላ ጠየቀችው። ቴክኒሻኑ ክዳኑን ሲያጠብቅ ቆየ። «እኔ ነኝ» አለ። «ዕድሜዬን ስላይድ በቀለም ስነክር ነው የኖርኩት፤ ማንበብ ግን ማንም አላስተማረኝም። ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው የሚፈርሙ። ታመው ቤት ዋሉ። እኔ አየዋለሁ፤ ሰማያዊው ቀለም ካልበዛ ተራ መቆጣት ነው ብዬ እጽፋለሁ። ሰማያዊው ከበዛ ሌላ ቦታ ይታይ እላለሁ። አንዳንዱ ደግሞ መሃል ላይ ነው።» «መሃል ላይ ሲሆንስ?» ቴክኒሻኑ ስላይዶቹን መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ የነበሩትንም ጭምር ጠረገ።

ሥራ አስኪያጁ ድሮ የላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪ የነበሩ፣ ንግግራቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። በማርፈዷ አልተቆጡም። «እኔ ጋ ሰዓት ችግር አይደለም፣ ዶክተር» አሏት። «ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ትመጫለሽ። የሳምንቱ ውጤት ተተይቦ ይጠብቅሻል፤ ትፈርሚያለሽ፤ ሻይ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ። ፈቃድሽ እዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።» ክፍያውን ነገሯት። ወንድሟ ወር ሙሉ መሪ ጨብጦ ከሚያገኘው ይበልጣል። ዶክተሯ የተቀመጠችበትን ወንበር እጀታ ያዘች። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ምናልባት አንድ ቀን አስባ እሺ ትል ነበር፤ ይህን ለራሷ አልደበቀችም። አሁን ደግሞ የገንዘቡ ነገር ከጠዋቱ ብሶባታል። ከእንግዲህ የወንድሟን ቤት ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ ሕንፃ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አለ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ስፌት መኪናው የሚቆምባቸው ወራት አሉ። ያ ሁሉ በዚህ ሰው ክፍያ ይሸፈን ነበር።

«በየቀኑ እየመጣሁ ሁሉንም ባየውስ? በዚሁ ክፍያ» አለች። ሰውየው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም። «ዛሬ አንዷን ለማየት ምን ያህል እንደቆየሽ ነግረውኛል። ደንበኛዬ በማግስቱ ውጤቱን ካላገኘ ጎረቤት ላቦራቶሪ ነው የሚሄደው። አንቺ ደግሞ ይህ አልጠራልኝም፣ ሌላ ቀለም ይሠራለት፣ እንደገና ይቆረጥ ትያለሽ። ትክክል ነሽ። ግን ማን ይከፍለዋል? ደግሞ ዛሬ በዚሁ ክፍያ አልሽ፤ ከመንፈቅ በኋላ ጭማሪ ትጠይቂኛለሽ። ፊርማ ብቻ ከሆነ ሁለታችንም አንደክምም።» ዶክተሯ የትሪዎቹን ብዛት አሰበች፤ ከእነሱም መሃል ላይ ያሉትን። «ይቅርብኝ» አለች። «አስቢበት።» «አስቤዋለሁ።» ሰውየው አልተቀየሙም፤ እስከ በሩ ሸኟት። «ክፋት እንዳይመስልሽ። ካንቺ ጋር የጨረሱ ሁለት ልጆች ደውለውልኛል። ለአንዳቸው እነግራለሁ ማለት ነው» አሏት። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የክፍል ጓደኛዋ ደውሎ ሥራ ማግኘቱን ሲነግራት፣ እንኳን ደስ አለህ ብላ የት እንደሆነ ሳትጠይቀው ዘጋች፤ እሱም አልነገራትም።

ቴክኒሻኑ ኮሪደሩ ላይ ዕቃዋን ይዞ ቆሞ ነበር። ሰጥቷት መንገድ አልለቀቀም። «ያ መሃል ላይ የሚሆነው...» አለና ወደ ሥራ አስኪያጁ በር አየ። «ስልክዎን ቢሰጡኝ።» ሰጠችው። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ደውሎላታል።

መንገድ ላይ ቆማ በተማረችበት ሆስፒታል ላሉት ለቀድሞ አስተማሪዋ ደወለች። አስተማሪዋ እስከ መጨረሻ ሰሟት፤ ስትቆርጠው ቢላው እንዴት ኮርከር እንዳለባትም ጠየቋት። «ነገ ይዘሽው ነይ» አሉ። «በሰም አድርገን በወጉ እንቆርጠዋለን፤ ከኔ ጋር አብረሽ ታዪዋለሽ። ለቀዶ ሐኪሞቹ ዛሬውኑ እነግራለሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ ያዩዋታል።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ። «እኔ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ወጪ ነኝ። በቦታዬ ሰው አይቀጠርም ብለውኛል። ቦታ አልሰጥሽም እንጂ ማይክሮስኮፑስ ቁጭ ብሏል።»

አውቶቡሱ ውስጥ እንዴት እንደምትናገረው ስታስብ ቆየች። የመጡላት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ለሐኪም የሚጻፉ ነበሩ፤ መጠኑ ይህን ያህል፣ ጠርዙ እንዲህ ያለ፣ ሴሎቹ እንዲህ ያሉ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፋለች፤ ለሰው ዓይን እያየች ተናግራው አታውቅም። የሥራዋ አንዱ ደግነት ይሄ መስሏት ኖሯል፤ መጥፎውን ወሬ ሌላ ሰው ይናገረዋል፣ በሌላ ክፍል፣ እሷ በሌለችበት። አሁን የሚናገርላት የለም። አንድ ፌርማታ አለፋት፤ ወርዳ በእግሯ ተመለሰች።

የወንድሟ ሚስት በኮሌታ ቁልል መሃል ተቀምጣ ትሰፋለች። ዶክተሯ ጃኬቷን ሳታወልቅ ቁርጥራጩን ጨርቅ ገፋ አድርጋ ወለሉ ላይ፣ ከመኪናው እግር አጠገብ ተቀመጠች። መኪናው አልቆመም።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ክፉ ነው?»

«ክፉ ነው። ግን...»

«ግኑን ቆይ» አለቻት። «ግኑን ትንሽ ቆይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

የያዘችውን ስፌት እስከ ጫፉ ወሰደችው፤ አልጠመመባትም። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ኮሌታውን ከሌሎቹ ላይ አኖረች፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ከፎቁ በታች መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ሁለቱም እስኪያልፍ ጠበቁት። «እሺ» አለች። «ግን ምን?»

ዶክተሯ ነገረቻት። መጀመሪያ እየተንተባተበች፣ ቆይታ ግን ቃሉ እየመጣላት፣ እብጠቱ ምን እንደሆነ፣ ብብቷ ሥር ሌላ መኖር አለመኖሩ ገና መታየት እንዳለበት፣ በሳምንቱ ውስጥ ቀዶ ሐኪሞች እንደሚያዩዋት፣ እንዲህ ይዟቸው ታክመው ልጅ ያሳደጉ ሰዎች እንዳሉ፣ ቢጣል ኖሮ ግን ማንም ሳያውቀው ያድግ እንደነበር አስረዳቻት። የማታውቀውንም አላውቀውም አለች። የወንድሟ ሚስት ከቁልሉ አንድ ኮሌታ አንስታ እያጠፈችና እየዘረጋች ሰማቻት። «ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?» ስትላት ኮሌታውን በአራት አጠፈችው። «አንቺ የምታዪው ከሰው የተቆረጠውን ነው» አለች በኋላ። «ላንቺ ከነገርኩሽ የሚቆረጥ ሊኖር ነው ብዬ ፈራሁ። ሳልነግርሽ ኦቾሎኒ ነበረች።» ከዚያ ደግሞ፣ «ጠዋት ያልኩትንም ሰምተሻል።» «ሰምቻለሁ።» «ለጎረቤት እኮ ነው። ለጎረቤት እንደሱ ይወራል።» ይቅርታ መጠየቋ ነበር፤ ዶክተሯም እንደዚያ ወሰደችው።

«ሥራውስ?» አለች የወንድሟ ሚስት። «በኔ ምክንያት አመለጠሽ?» ዶክተሯ መዋሸት ትችል ነበር። «ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።» ክፍያውን ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። ኮሌታው በእጇ ላይ ቆመ። «ያንን ነው እምቢ ያልሽው? ዛሬ? ይሄን ካየሽ በኋላ?» «ሳላይ ፈርሚ ነው ያሉኝ። የሰውን እብጠት ሳላይ። ያንቺም እዚያ ሄዶ ቢሆን...» የወንድሟ ሚስት ኮሌታውን ቁልሉ ላይ መለሰችው። ቁጣ ነበረባት፤ ቁጣውንም ለመደበቅ አልሞከረችም። «ገባኝ» አለች በመጨረሻ። ደግ አደረግሽ አላለችም።

ወንድሟ የገባው መንገድ መብራቱ ሲበራ ነው። በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ ቀና ሲል ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አያቸው። እንዲህ ተቀምጠው አይቷቸው አያውቅም። «ምነው?» አለ። «እህ ሚጣ፣ አልሆነም እንዴ?»

«የሷን በኋላ ትሰማለህ» አለች ሚስቱ። «መጀመሪያ የኔን ትንገርህ።» ወደ ዶክተሯ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለሱ ግን ግኑን አስቀድሚለት።»

ዶክተሯ ያንኑ ነገር በቀኑ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረች። በዚህኛው አልተንተባተበችም። ወንድሟ ሳያቋርጣት ሰማ፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ማን ነው ያየው?» አለ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» «በራስሽ ዓይን?» «በራሴ ዓይን።» ሚስቱን አያት፤ እሷ ጨርቁን ነበር የምታየው። ስለ ገንዘብ አንዳቸውም አላነሱም፤ ሦስቱም ግን እያሰቡት ነበር። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የፈታውን ጫማ መልሶ ማሰር ጀመረ። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አጥብቆ አሰረና ብድግ አለ።

«የት ነው የምንሄደው?»

«በሳምንቱ ውስጥ ነው እኮ የሚያዩኝ» አለች ሚስቱ። «አሁን ማን አለ ብለህ ነው? አውልቀው።»

እሱም እሺ ብሎ ተቀመጠ። ግን እራት ቀርቦ እስኪነሳ ድረስ ጫማውን አላወለቀም።